የባሕር ጅረትን በሳተላይት ራዳር ማንበብ፦ መጀመሪያ ነፋሱን እዩ

ራዳር ጅረት አያይም። ከታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህች አንድ ነገር ስለሚነሳ ከአሁኑ ያዙልኝ። ራዳር የሚያየው የባሕሩን ገጽ ሻካራነት ነው፤ ያንን ሻካራነት በዋናነት የሚፈጥረው ደግሞ ነፋስ ነው። ጅረቱ ነፋሱ የፈጠራቸውን ትንንሽ ሞገዶች አንድ ቦታ ያጠነክራቸዋል፣ ሌላ ቦታ ያዳክማቸዋል፣ ሌላ ቦታ ያጠራቅማቸዋል። እኛ የምናነበው ያንን አሻራ ነው። ነፋሱን ሳያዩ ምስል ላይ አንድ ነጭ መስመር አይቶ «ጅረቱ ይኸውላችሁ» ማለት ግምት ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን እንለፋለን? የባሕር ሙቀት የሚለኩ ሳተላይቶች አብዛኞቹ ደመና ሲመጣ ምንም አያዩም። ራዳር ግን ደመናም ጨለማም አያግደውም። ከዚያ በላይ ደግሞ ዝርዝሩ አለ፦ ሌሎቹ መሣሪያዎች በኪሎ ሜትሮች የሚያዩትን ራዳር በአሥር ሜትሮች ያሳየናል፤ ሞቃቱና ቀዝቃዛው ውሃ የሚገናኙበትን ወሰን፣ ማለትም ፍሮንቱን፣ እንደ ቀጭን ክር ማየት የሚቻለው በዚህ ነው። ይህ የታወቀው ገና በ1978 እ.ኤ.አ. ሲሳት የተባለችው ሳተላይት ስትመጠቅ ነው። የሠራችው 105 ቀን ብቻ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ግን ማንም ያልጠበቀውን ያህል የባሕር ዝርዝር አሳየች፣ ዛሬ የምንጠቀምባቸው ራዳሮች ሁሉ የእሷ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል።

የት እንጀምር?

የአጉልሃስ ጅረት ላይ ጀምሩ። ሞቃት የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ይዞ በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይወርዳል። ስፋቱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1.5 ሜትር የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ከአህጉሩ ጫፍ አልፎ ሲሄድ ራሱን አጥፎ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ በሚታጠፍበት ቦታም ግዙፍ የሞቃት ውሃ አዙሪቶችን ቆርጦ ወደ አትላንቲክ ይለቃል።

ለጀማሪ የሚመቸው ግን በግዝፈቱ ብቻ አይደለም። ኢስት ለንደን የምትባለው ከተማ አካባቢ ጅረቱ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ፣ 250 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው አንድ ምስል ውስጥ መሬቱም፣ የጅረቱ የውስጥ ጠርዝም፣ ፈጣኑ መሃልም አብረው ይገባሉ። መሬቱ መኖሩ ለምን እንደሚጠቅም ፍጥነት ስንለካ ታያላችሁ።

ይህን ጅረት ማወቅ ለመርከበኛ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚነሳ ኃይለኛ ነፋስ ከጅረቱ ጋር ፊት ለፊት ሲጋጠም ሞገዱ ያጥራል፣ ይቆማል፣ ይገዝፋል። ዋራታ የምትባል መርከብ በጁላይ 1909 እ.ኤ.አ. 211 ሰዎች ይዛ ከደርባን ወደ ኬፕ ታውን ስትጓዝ በዚሁ ባሕር ጠፋች፣ እስከ ዛሬም አልተገኘችም። ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በቀይ ባሕር ጥቃት ምክንያት ብዙ የዕቃ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ መዞር ስለጀመሩ በዚህ ውሃ ላይ የሚያልፈው ሰው በዝቷል።

ነፋሱ ስንት መሆን አለበት?

እኔ የምመክራችሁ በነጻ የሚገኘውን የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት፣ ሴንቲኔል-1ን ነው። የዚህ ራዳር የሞገድ ርዝመት 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በሰፊው የባሕር ዳርቻ ምስል ባሕሩን የሚያየው ከቁልቁል መስመር ሲለካ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ ባለ ማዕዘን ሰያፍ ሆኖ ነው። በእንዲህ ያለ ማዕዘን በጠንካራው የሚመልሱለት ከ4 እስከ 5.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሞገዶች ናቸው፤ የእያንዳንዱ ሞገድ መልስ ከሚቀጥለው ጋር ተደማምሮ ስለሚመጣ። ብራግ የሚባለው ነጸብራቅ ይሄ ነው። ማስላት ከፈለጋችሁ የራዳሩን የሞገድ ርዝመት ለማዕዘኑ ሳይን እጥፍ አካፍሉት።

ስለዚህ ባሕሩ ላይ እነዚህ የጣት ቁመት እንኳ የማይሞሉ ሞገዶች ከሌሉ ምስል የለም። ነፋሱ በሰከንድ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር ሲያንስ የውሃው ገጽ ይተኛል፣ ጨረሩ መስታወት ላይ እንዳረፈ የባትሪ መብራት ወደ ማዶ ያመልጣል፣ ምስሉም ይጠቁራል። ነፋሱ በሰከንድ ከ10 ወይም ከ12 ሜትር ሲያልፍ ደግሞ ባሕሩ በሙሉ ስለሚሻክር የጅረቱ አሻራ ይዋጣል። ጥሩው በመካከል ያለው ነው። ፍሮንት ለማየት በሰከንድ ከ3 እስከ 7 ሜትር የሚነፍስበትን ሰዓት ፈልጉ፣ ከዚያ እስከ 10 ድረስ ይሞከራል፣ ከዚያ በላይ ባታደክሙ ይሻላል።

የነፋሱን መረጃ ከየት? ኢአርኤ5 የሚባለው የአውሮፓ ዳታ በየሰዓቱ የነፋስ ፍጥነትና አቅጣጫ ይሰጣል። በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚያይ ጠረፍ አጠገብ ብዙ አትመኑት፣ ለመምረጫ ግን በቂ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሳተላይቷ ያለፈችባቸውን ቀኖችና ሰዓቶች ዝርዝር አውጡ፣ ቀጥሎ የእያንዳንዱን ሰዓት ነፋስ እዩ፣ ከዚያ ደህና ነፋስ ያላቸውን ብቻ አውርዱ። አንዱ ምስል 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ፣ ኢንተርኔታችሁ ደካማ ከሆነ ይህቺ ማጣሪያ ብዙ ታድናችኋለች።

ማውረድና ማዘጋጀት

ምስሎቹ ኮፐርኒከስ ዳታ ስፔስ ላይ በነጻ አካውንት ይገኛሉ። አላስካ ሳተላይት ፋሲሊቲም ያንኑ ያቀርባል። ስትፈልጉ «ጂአርዲ» የሚባለውን ዓይነት፣ «አይደብሊው» በሚባለው ሰፊ አሠራር የተነሳውን፣ ፖላራይዜሽኑ፣ ማለትም የጨረሩ ሞገድ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ፣ «ቪቪ» የሆነውን ምረጡ። «ቪኤች» የሚለው ለባሕር ጅረት ደካማ ነው፤ ከባሕር የሚመለሰው ምልክት ከመሣሪያው ከራሱ ኖይዝ፣ ማለትም ከማይፈለገው ምልክት፣ ብዙም አይርቅም።

ለማዘጋጀት ስናፕ የሚባለውን የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ ነጻ ሶፍትዌር ተጠቀሙ። የምሕዋር ፋይሉን አስተካክሉ፣ የሙቀት ኖይዙን አስወግዱ፣ ከዚያ ካሊብሬሽን አድርጉና ብሩህነቱን ወደ ሲግማ ዜሮ፣ ማለትም ምስልን ከምስል ማወዳደር ወደሚያስችል የነጸብራቅ መለኪያ፣ ቀይሩት። የኖይዙን ማስወገድ እንዳትዘሉት፤ ከተዘለለ ምስሉ በሚገጣጠምባቸው ቦታዎች ላይ ረጃጅም መስመሮች ይቀራሉ፣ ፍሮንት ለሚፈልግ ዓይን ደግሞ ፍሮንት ይመስላሉ።

ከዚህ ቀጥሎ 10 ሜትር የሆኑትን ፒክሰሎች ወደ 50 ወይም 100 ሜትር አማካይ አውርዷቸው። ራዳር ላይ ሁልጊዜ ያለው ብናኝ መሰል ነጠብጣብ፣ ስፔክል የሚሉት፣ በዚህ ይቀንሳል። አማካዩን የምትወስዱት ግን ወደ ዴሲቤል ከመቀየራችሁ በፊት ነው። ዴሲቤል ሎጋሪዝም ስለሆነ አማካዩ ሌላ ቁጥር ይሰጣችኋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ደረስን። ምስሉን ካርታ ላይ ለማስቀመጥ የመሬት አቀማመጥ ማስተካከያውን ስታስኬዱ፣ ስናፕ ከፍታ የሌላቸውን ቦታዎች የመሸፈን ምርጫ በራሱ አብርቶ ይጠብቃችኋል። ባሕር ከፍታ የለውም። እንዳለ ከተዋችሁት መሬቱ ይቀርና ባሕሩ በሙሉ ይጠፋል፣ ፋይሉ የተበላሸ ይመስላችኋል። ያንን ምልክት አጥፉት። የመሬት ጥናት የተማረ ሰው በለመደው መንገድ ሄዶ እዚህ ጋ ግማሽ ቀን ሊያቃጥል ይችላል።

አንድ ነገር ይቀራል። ለራዳሩ ቅርብ የሆነው የምስሉ ጎን ሁልጊዜ ይበራል፣ ሩቁ ይጨልማል፤ ይህ የማዕዘን ጉዳይ እንጂ የባሕሩ አይደለም። በየማዕዘኑ ያለውን አማካይ ብሩህነት አስሉና ከእያንዳንዱ ፒክሰል ቀንሱት፣ እዚህ ጋ በዴሲቤል ብትሠሩ ችግር የለውም። የሚቀረው ልዩነት ነው የምትሠሩበት።

ኮምፒውተራችሁ የማይችል ከሆነ ጉግል ኧርዝ ኢንጂን ላይ እነዚህ ምስሎች ተስተካክለው፣ ከማዕዘናቸው ጋር ተቀምጠዋል፣ ምንም ሳታወርዱ እዚያው መሥራት ትችላላችሁ። ሁለት ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አንደኛ፣ እዚያ የፍጥነት መረጃ፣ ማለትም ዶፕለሩ፣ የለም። ሁለተኛ፣ መሬት ላይ እንደሚደረገው የወር ምስሎችን ደራርባችሁ መካከለኛውን አትውሰዱ። እርሻ በወር ውስጥ ቦታውን አይለቅም፣ ፍሮንት ግን ዛሬና ነገ አንድ ቦታ አይደለም። የተደራረበ ምስል ላይ የሚቀራችሁ ጭጋግ ነው። እያንዳንዱን ምስል ለብቻው፣ ከራሱ ሰዓትና ከራሱ ነፋስ ጋር አንብቡት።

መስመሩ ምን ይላል?

አጉልሃስ ላይ ፍሮንቱ በሦስት መልክ ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ተቀላቅሎ ነው የሚመጣው።

የመጀመሪያው በሙቀት በኩል ነው። ከሞቃት ውሃ በላይ ያለ አየር ይናወጣል፣ ነፋሱን ወደ ታች ያወርደዋል፣ ባሕሩ ይሻክራል፣ ምስሉ ላይ ይበራል። ከቀዝቃዛ ውሃ በላይ ያለው አየር ግን ይረጋጋል፣ ነፋሱ ከውሃው ገጽ ይለያል፣ ምስሉ ይጨልማል። እዚህ የምታዩት መስመር ሳይሆን ደረጃ ነው፦ በአንድ በኩል ደማቅ ሜዳ፣ በሌላ በኩል ጨለማ ሜዳ። አጉልሃስ ላይ ደማቁ የባሕር ወገን፣ ጨለማው የጠረፍ ወገን ሆኖ ካገኛችሁት ነገሩ ከምትጠብቁት ሙቀት ጋር ይስማማል።

ሁለተኛው ጅረቱ ራሱ ሞገዱን ሲነካው ነው። ፈጣኑና ዘገምተኛው ውሃ ጎን ለጎን ሲተሻሹ ወይም ሁለት ውሃ ሲገናኝና አንዱ ሲሰምጥ ትንንሾቹ ሞገዶች እዚያ ላይ ይጨናነቃሉ፣ ይሰበራሉም። ምስሉ ላይ ቀጭንና ደማቅ ክር ይሆናል፣ ስፋቱ ከአሥሮች እስከ መቶዎች ሜትር። እኔ ካሉት ምልክቶች ሁሉ አብልጬ የማምነው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም ነፋስ ብቻውን ይህን ያህል ቀጭን፣ ይህን ያህል ረጅምና እየተጠማዘዘ የሚሄድ መስመር እምብዛም አይሠራም።

ሦስተኛው ከሕይወት የመጣ ነው። የባሕር ዕፅዋትና ጥቃቅን ፍጥረታት የሚለቁት ስስ ቅባት ውሃ በሚገናኝበት ቦታ ይከማቻል፣ ትንንሾቹን ሞገዶች ያስተኛል፣ ጥቁር ክር ሆኖ ይታያል። እነዚህ ክሮች ሲጠቀለሉ አዙሪት ያሳያሉ። ሰው በመጀመሪያ በሚገባ ያስተዋላቸው በ1984 እ.ኤ.አ. የውቅያኖስ ሳይንቲስቱ ፖል ስከሊ-ፓወር ከስፔስ ሸትል በፀሐይ ነጸብራቅ ውስጥ ሲያያቸው ነው። በደቡባዊው ንፍቀ ክበብ አብዛኞቹ በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ይጠቀለላሉ። በአጉልሃስ የውስጥ ጠርዝ ላይ እንዲህ ያሉ ትንንሽ አዙሪቶች ስለሚበዙ የጅረቱን ጠርዝ ለማግኘት ይመራሉ። ቅባቱ ግን በደካማ ነፋስ ብቻ ነው የሚታየው፣ ነፋሱ ሲጠነክር ይበተናል።

አሁን ደግሞ የሚያሳስቱትን። ዝናብ የሚጥል ደመና ከሥሩ ቀዝቃዛ አየር ስለሚደፋ ክብ ይሠራል፣ ጠርዙ ደማቅ፣ መሃሉ አንዳንዴ ጨለማ። ይህንን አዙሪት አትበሉት፤ ውስጡ የተጠቀለለ ክር የለውም። በነፋሱ አቅጣጫ የተሰለፉ ትይዩ ረድፎች ካያችሁ የአየር ጥቅሎች ናቸው፣ የነፋሱን አቅጣጫ ለማረጋገጥ ተጠቀሙባቸው እንጂ ጅረት ብላችሁ አትመዝግቧቸው። ተራራማ ጠረፍ ፊት ለፊት ጨለማ ምላስ ካለ የነፋስ ጥላ ነው። ደማቅና ጨለማ እየተፈራረቁ፣ ቅስት ሠርተው በቡድን የሚሄዱ መስመሮች ደግሞ በውሃው ውስጥ የሚጓዙ የውስጥ ሞገዶች ናቸው።

እንዴት ይለያል? የጠርዙን ሹልነት እዩ። የአየር ምልክት ጠርዙ ለስላሳ ነው፣ የውሃው ግን ብዙ ጊዜ ሹል ነው። ከዚያ የዚያኑ ቀን ወይም የጎረቤት ቀን የባሕር ሙቀት ካርታ ከጎኑ አስቀምጡ፣ ለምሳሌ ከሴንቲኔል-3 ወይም ከሞዲስ፣ ደመና ያልሸፈነውን። በቀናት የራቀ ካርታ ግን አትጠቀሙ። በደቡብ አፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ካለው ከናታል አካባቢ ተነስቶ ጅረቱን ከጠረፉ የሚያርቀው ትልቁ መታጠፍ፣ የናታል ምት የሚባለው፣ በቀን ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የሳምንት ልዩነት ካለ ሁለቱ ካርታዎች ስለ ሁለት የተለያዩ ባሕሮች ነው የሚያወሩት።

ፍጥነቱን መለካት

እስካሁን ጅረቱ የት እንዳለ ነው ያየነው። ስንት ይፈጥናል ለሚለው ዶፕለር አለ። የባሕሩ ገጽ ወደ ራዳሩ ሲቀርብ የሚመለሰው ምልክት ፍሪኩዌንሲ ከፍ ይላል፣ ሲርቅ ዝቅ ይላል። በ2005 እ.ኤ.አ. በርትራን ሻፕሮንና ባልደረቦቹ ከኤንቪሳት ራዳር መረጃ ይህን የፍሪኩዌንሲ ልዩነት አውጥተው የባሕርን ፍጥነት በቀጥታ ማንበብ እንደሚቻል አሳዩ፣ አጉልሃስም ከዚያ በኋላ የዘዴው ዋና መፈተኛ ሆነ።

የሴንቲኔል-1 ዶፕለር «ኦሲኤን» በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ዳታ ውስጥ አለ። ፋይሉ ኔትሲዲኤፍ ስለሆነ በፓይተን በቀላሉ ይከፈታል። ስሌቱም ቀላል ነው፦ የፍሪኩዌንሲውን ልዩነት በሞገድ ርዝመቱ አባዙ፣ ለማዕዘኑ ሳይን እጥፍ አካፍሉ። ለምሳሌ ማዕዘኑ 35 ዲግሪ ሆኖ ልዩነቱ 30 ኸርዝ ከሆነ በሰከንድ 1.45 ሜትር ይመጣል። ይህ ቁጥር ግን ጅረቱ አይደለም፣ ገና ሦስት ሥራ አለው።

በመጀመሪያ መሬቱን እዩ። መሬት ስለማይንቀሳቀስ እዚያ ላይ ንባቡ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ካልሆነ ከሳተላይቷና ከአንቴናው አቅጣጫ የተረፈ ስህተት ነው፣ ያንኑ ያህል ከባሕሩም ቀንሱ። ቀላል ነገር አይደለም፤ በ35 ዲግሪ ላይ እያንዳንዷ 1 ኸርዝ በሰከንድ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ታመጣለች። ከጠረፉ አጠገብ ያሉትን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ግን ለመለኪያ አትውሰዱ፣ ብሩህነቱ በድንገት ስለሚቀየር ንባቡን ያዛባዋል።

ቀጥሎ ነፋሱ ያመጣውን ቀንሱ። ሞገዶቹ ራሳቸው በነፋሱ አቅጣጫ ይሄዳሉ፣ ራዳሩም የእነሱን እንቅስቃሴ ከጅረቱ ጋር ደባልቆ ያያል። ይህ ድርሻ ደካማ ጅረት ባለበት ባሕር ከጅረቱ ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ ሲዶፕ የሚባል ሞዴል አለ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ። የነፋሱን ፍጥነት፣ ከራዳሩ አንጻር ያለውን አቅጣጫና ማዕዘኑን ስትሰጡት ከነፋስና ከሞገድ የሚመጣውን ዶፕለር ይነግራችኋል። እንግዲህ የነፋሱ መረጃ ከተሳሳተ ጅረቱም አብሮ ይሳሳታል፣ ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው።

ሦስተኛው አቅጣጫው ነው። ራዳር የሚለካው ወደ እሱ የሚመጣውን ወይም ከእሱ የሚርቀውን ብቻ ነው። ሴንቲኔል-1 ከደቡብ ወደ ሰሜን ስትወጣ፣ ማለትም አመሻሽ ላይ፣ ወደ ምሥራቅ ታያለች፤ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚወርደው አጉልሃስ ወደ እሷ ስለሚመጣ ከፍጥነቱ አብዛኛውን ትይዛለች። ንጋት ላይ ከሰሜን ወደ ደቡብ ስትወርድ ግን ወደ ምዕራብ ታያለች፣ ያው ጅረት ይርቃታል፣ የምትይዘውም ግማሽ ገደማ ነው። ምልክቱ ተገልብጦ ብታገኙት አትደንግጡ። ከመሬቱና ከነፋሱ ቅነሳ በኋላ በአመሻሹ ምስል 1.1 ሜትር ቀረ እንበል፤ ጅረቱ በትክክል ወደ ደቡብ ምዕራብ ነው ብላችሁ ብትነሱ ለ0.85 ታካፍላላችሁ፣ በሰከንድ 1.3 ሜትር ገደማ ይሆናል። አቅጣጫውን ያገኛችሁት ግን ከራዳሩ ሳይሆን የባሕሩን ከፍታ በሚለካው መሣሪያ ከተሠራ ካርታ (ከአልቲሜትር ካርታ) ወይም ከጠረፉ ቅርጽ መሆኑን ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ።

ውጤቱን ለማመሳከር አልቲሜትር ጥሩ ነው። በአጉልሃስ ሁለት ጎን መካከል የባሕሩ ከፍታ እስከ 1 ሜትር ገደማ ይለያያል፣ ኮፐርኒከስ ማሪን ላይ ከዚያ የተሰላ የጅረት ካርታ በየቀኑ አለ። ካርታው ትልቁን እንጂ ቀጭኑን አያሳይም። በዲሴምበር 2022 እ.ኤ.አ. የመጠቀችው ስዎት ግን በሰፊው ስለምትለካ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት እየሞላች ነው። ሁለት አንቴና ተከታትለው አንድ ቦታ የሚያዩበት ዘዴም አለ፣ ቴራሳር-ኤክስና ታንደም-ኤክስ ሠርተውበታል፣ ለዕለት ተዕለት ሥራ ግን እንደ ሴንቲኔል እንደልብ አይገኝም።

አጉልሃስን ከለመዳችሁ በኋላ ወደ እኛ ቅርብ የሆነው የሶማሌ ጅረት ያጓጓችኋል። ተገቢ ነው፣ በበጋና በክረምት አቅጣጫውን የሚገለብጥ ጅረት ነው። ችግሩ ጅረቱ በጣም በሚፈጥንበት፣ እኛ ክረምት በምንለው ወቅት፣ በሶማሊያ ጠረፍ ነፋሱ በሰከንድ ከ12 ሜትር በላይ የሚሆንባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ፍሮንቱ ይዋጣል። ለምስል ንባብ ነፋሱ የሚዞርባቸውን ወራት፣ ኤፕሪልና ሜይን ወይም ሴፕቴምበር መጨረሻና ኦክቶበርን ሞክሩ። ከጠረፉ ርቆ ያለው ባሕር ላይ ደግሞ ሴንቲኔል-1 ብዙ ጊዜ የምታነሳው በየ100 ኪሎ ሜትሩ አንድ፣ 20 በ20 ኪሎ ሜትር የሆኑ ቁራጭ ምስሎችን ነው። ስለዚህ ዕቅድ ከማውጣታችሁ በፊት ማህደሩ ውስጥ ሰፊው ምስል መኖሩን እዩ፤ ከሌለ ከአልቲሜትር ካርታ ተነሱና ራዳሩን ለጠረፉ አካባቢ ብቻ አስቀሩት።